ቀለበቱን አድርጊው ያልኩሽ ዕለት

ዲየፕ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ

ውድ ናዴዥ፣

ይህን ደብዳቤ ወደ ቤትሽ ሳይሆን ወደምትሠሪበት ቤተ መጻሕፍት የላክሁት ቲቦን ፈርቼ እንዳይመስልሽ። እርግጥ ትንሽ ፈርቻለሁ። ባልሽ የመጣውን ፖስታ ሁሉ በመጠን በመጠኑ ለይቶ እንደሚደረድር አውቃለሁና የእኔ ደብዳቤ ከመብራት ሂሳብ ሥር ተኝቶ እንዲጠብቅሽ አልፈለግሁም። ደግሞ መጻሕፍት መካከል ሆነሽ ብታነቢው ይሻላል፤ እዚያ ጮክ ብሎ መሳቅም መሳደብም ክልክል ነው።

አዎ፣ እኔ ነኝ፣ ሴቨሪን። በየአዲሱ ዓመት "ደህና ነኝ፣ ደህና ሁኚ" የምትል ካርድ ከመላክ በቀር ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ቁም ነገር ያልጻፍኩልሽ ጓደኛሽ። ዛሬ የምጽፍልሽ በዚህ ሳምንት ሁለት ነገር ስለሆነ ነው። ሐሙስ ዕለት ፊልማችንን እንደገና አሳዩት። በማግስቱ ደግሞ ኦዲል ደወለችና አንድ ነገር ነገረችኝ። በቅደም ተከተል ልንገርሽ፣ ሙያዬ ነውና።

ያቺ ክረምት ትዝ ትልሽ ይሆን? እዚሁ ዲየፕ፣ ከሙሴ ቨርኒዬ ዓሣ መሸጫ በላይ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ሦስት ሆነን የተከራየናት ቤት፣ በጋም ክረምትም ዓሣ ዓሣ የምትሸተው። ከእናት ከአባታችን ቤት "ራሳችንን ችለናል" ብለን ደረታችንን ነፍተን ወጣን፤ በመጀመሪያው ሳምንት ግን እንቁላል የሚጠብስ ጠፍቶ በዳቦና በቅቤ ሰነበትን። ኦዲል የሳህን ማጠቢያ ተራ ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጠፈች። አንቺ በየሌሊቱ ስምሽን እየፋቅሽ የእኔን ትጽፊ ነበር። የማላውቅ መስሎሽ ከሆነ ተሳስተሻል፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቃለሁ። ዝም ብዬ ያጠብኩት ስትዋሺኝ የምታሳዪውን ያንን የንጹሕ ሰው ፊት ስለምወደው ነው።

ኦዲል ፊልሙን ከዚያች ቤት ነው የቀዳችው። ርእሱ ሳይቀር። "ሳህን የማጠብ ተራው የማን ነው?" የሚል ፊልም ማን ገንዘብ ይሰጠዋል ስንላት፣ "ሳህን አጥቦ የሚያውቅ ሁሉ" አለችን። አንቺ እጮኛዋን ትታ ከጓደኞቿ ጋር ለመኖር የምትወጣውን ክሎቲልድን ሆንሽ። ኦዲል አዘጋጅ ሆነች። እኔ ደግሞ ደብተር ይዤ ከካሜራው ጎን የምቀመጠው ሆንኩ። ፊልም እንደ ታሪኩ ቅደም ተከተል አይቀረጽም፤ መጨረሻው ዛሬ፣ መጀመሪያው ከሁለት ሳምንት በኋላ ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ ብርጭቆው በየትኛው እጅ እንደነበር፣ የሸሚዙ ስንተኛ ቁልፍ እንደተከፈተ፣ ሻማው የት ድረስ እንደነደደ የሚመዘግብ ሰው ያስፈልጋል። አንቺ "ጉጉት" ብለሽ የወፍ ስም ያወጣሽልኝ ለዚህ ነው። "ጉጉት እያየችኝ አፍንጫዬን እንኳ ማከክ አልቻልኩም" ትይ ነበር።

ሙሴ ቨርኒዬ አሥር ኪሎ የሚበላ የባሕር ዛጎል በነጻ ስለሰጠን፣ እንዳይበላሽ ብለን ቀረጻውን ከድስቱ ጀመርን። ክሎቲልድ እጮኛዋን "በቃኝ!" ብላ ቀለበቷን የምትወረውርበትና ቀለበቱ የሚፈላው ድስት ውስጥ የሚገባበትን ማለቴ ነው። ከገበያ የገዛነው ቀለበት በልምምዱ ላይ ጣትሽን አረንጓዴ አደረገው። ያኔ ኦዲል ዓይኗ ያንቺው የእጮኝነት ቀለበት ላይ አረፈ።

"የራስሽን አድርጊያ!" አለችሽ።

"አብደሻል? የቲቦ አያት ቀለበት እኮ ነው!"

"ታዲያ አያትየው አርቲስት ቢሆኑ ምን አለበት?"

ወረወርሽው። ድስቱ ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ ያለው አንዱም አልተጻፈም። ሦስታችን እጃችንን እያቃጠልን፣ ጥቁሮቹን ዛጎሎች አንድ በአንድ እየከፈትን፣ እንዳይባክን እየበላን ስንፈልግ፣ ካሜራ የያዘው ሰውዬ ሳያቆም ቀረጸን። ቀለበቱን በስልሳ ሦስተኛው ዛጎል ውስጥ ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ቆጥሬዋለሁ። ሕዝቡ እስከ ዛሬ ድረስ ሆዱን ይዞ የሚስቅበት ቦታ እሱ ነው። ያን የቀረጻ ዕለት ሳሎኑ ውስጥ ያልሳቀ ቲቦ ብቻ ነበር። ሊወስድሽ መጥቶ በር ላይ ቆሞ፣ ጣትሽን አንስቶ አሸተተና "ነጭ ሽንኩርት ይሸታል" አለ።

ሐሙስ ዕለት ወደቡ አጠገብ ያለው ሲኒማ ቤት ጢም ብሎ ሞላ። ወንበሮቹን ቀይረዋቸዋል፣ ስትቀመጪባቸው አይጮኹም። ተመልካቾቹ አብዛኞቹ ሴት ልጆች ናቸው፣ ፊልሙ ሲወጣ ያልተወለዱ። ኦዲል ማርሴይ ቀረጻ ላይ ስለነበረች "አንቺ ሁሉን ታስታውሻለሽ፣ ሂጂና ጥያቄ መልሽላቸው" ብላ እኔን ላከችኝ። ልጆቹ እኛ በሳቅንበት ሁሉ ሳቁ። ሳህኖቹ መስኮት ላይ ተቆልለው የሙሴ ቨርኒዬ ዓሣ ላይ ሲወድቁ አንዷ ከወንበሯ ልትወድቅ ነበር። በየመሐሉ አንቺን ሳይ፣ ያ የተንጋደደ ጥርስሽ፣ ያ ትከሻ መስበቅሽ፣ ምን ያህል እንደናፈቅሽኝ ያኔ ነው የገባኝ።

ካለቀ በኋላ ጥያቄ ተጀመረ። ድስቱ እውነት ነው ወይ፣ ዓሣ ሻጩ ተዋናይ ነው ወይ፣ ይኸው ነው። ከዚያ ፀጉሯን ሰማያዊ የተቀባች ልጅ እጇን አወጣች።

"ማዳም፣ ክሎቲልድ ከእጮኛዋ ቤተሰቦች ጋር እራት ስትበላ፣ እየሳቀች እንባዋ ይወርዳል አይደል? እንደዚያ ተብሎ ተጽፎ ነው?"

"አይ" አልኳት። "ጽሑፉ 'ትስቃለች' ብቻ ነው የሚለው። እንባው የራሷ ነው።"

"ለምን አለቀሰች ታዲያ?"

በዚያ እራት ላይ በየሳህኑ ስንት ድንች እንደነበረ ልነግራት እችላለሁ። የአማትየው ሹራብ በየት በኩል እንደተተረተረ አውቃለሁ። "አላውቅም" አልኩ። ሕዝቡ የቀለድኩ መስሎት ሳቀ።

ዓርብ ጠዋት ኦዲል እንዴት ነበር ለማለት ደወለች። የልጅቷን ጥያቄ ነገርኳት፤ እየሳቅሁ ነው የነገርኳት። ኦዲል አልሳቀችም። ኦዲልን ታውቂያታለሽ፣ በቀልድ ሁሉ ቀድማ የምትስቅ እሷ ናት።

"ሴቭ፣ እውነት አታውቂም?"

"ምኑን?"

"ናዴዥ ባለፈው ፋሲካ እኔ ጋ መጥታ ነግራኛለች። እኔ አንቺ የምታውቂ መስሎኝ ነበር።"

ከዚያ የነገረችኝን ለአንቺ መልሼ ስነግርሽ የራስሽን ታሪክ ነው የምነግርሽ። ግን እንዴት አድርጌ እንደሰማሁት እንድታውቂ እፈልጋለሁ። በአሥራ ሰባተኛው ቀን ጠዋት፣ የእራቱን ቀረጻ በምንሠራበት ቀን፣ ለቲቦ አላገባህም ብለሽ ደብዳቤ ጽፈሽ ቦርሳሽ ውስጥ ይዘሽ መጣሽ። ቀለበቱን አውልቀሽ ኪስሽ ውስጥ ከተትሽው። ፖስታ ቤት ከመሄድሽ በፊት አንድ ጊዜ፣ ለአንድ ሰው፣ ከአፍሽ አውጥተሽ መናገር ፈለግሽ። "ሴቭ ሁሉን ታያለች፤ ጣቴን አይታ ምን ሆነሻል ትለኛለች፤ ያኔ እናገራለሁ፣ ከተናገርኩ ደግሞ አልመለስም" ብለሽ።

"እኔስ ምን አልኩ?" አልኳት ኦዲልን፤ እያወቅሁት።

"'ቀለበትሽስ?' አልሻት።"

ናዴዥ፣ አስታወስኩት። መልበሻ ያደረግናት ያቺ ጠባብ ኮሪደር ውስጥ ቆመሽ ነበር። ሰማያዊውን የእራት ቀሚስ ለብሰሻል። እኔ ደብተሬን በደረቴ ታቅፌ፣ እርሳሴን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ መጣሁ። ድስቱ በታሪኩ ገና ወደፊት ነው የሚመጣው፤ እራቱ ላይ ክሎቲልድ እጮኛ አላት፣ ቀለበቱ ጣቷ ላይ መሆን አለበት።

"ቀለበትሽስ?"

"ኪሴ ውስጥ ነው።"

"አድርጊዋ! ሊጀመር ነው እኮ።"

አየሽኝ። ረጅም ጊዜ ነው ያየሽኝ። "ሴቭ" አልሽ፣ "ግድ ማድረግ አለብኝ?"

"እንዴ! ትናንት ስንቀርጽ በር ላይ ስትገቢ አድርገሽዋል። ዛሬ ከሌለሽ ማን ወሰደው ሊባል ነው?"

ሳቅሽ። "እሺ ጉጉቴ" አልሽና ቀለበቱን አጠለቅሽው። ከዚያ ገብተሽ በሕይወትሽ እንደዚያ ያልተወንሽውን ትወና ተወንሽ። አማትየው "ልጄ ምን ያስቅሻል?" ሲሉሽ እየሳቅሽ እንባሽ በጉንጭሽ ወረደ፣ ኦዲል በደስታ ጠረጴዛ እየደበደበች "ግሩም! ግሩም!" አለች። እኔ ብርጭቆሽን በቀኝ እጅሽ እንደያዝሽ መዘገብኩ።

ትናንት ያን ደብተር ከቁም ሳጥን በላይ አውርጄ ገለጥኩት። የአሥራ ሰባተኛው ቀን ገጽ አለ። በገዛ እጅ ጽሑፌ እንዲህ ይላል፦ "ናዴዥ። ቀለበት፣ ግራ እጅ፣ ተስተካክሏል። ሁለቱም ዓይኖች ቀልተዋል። የፊት ዱቄት ይጨመርበት።"

ዓይንሽ መቅላቱን አይቻለሁ ማለት ነው። አላየሁም ብዬ ልምልልሽ ፈልጌ ነበር፤ ደብተሩ ግን አላስቻለኝም። አይቼ፣ ጽፌ፣ ለሜካፕ ሠራተኛዋ አሳልፌ ሰጠሁሽ።

ለማንም ተናግሬ የማላውቀውን ደግሞ ልጨምርልሽ። ለመጨረስ ሦስት ቀን ነበር የቀረን። ለእራቱም የሰው ቤት ሳሎን ለአንድ ቀን ብቻ ተውሰን ነበር። አንድ ነገር እንዳለብሽ ልቤ ጠርጥሯል፤ ጠይቄሽ ብታወጪው ቀረጻው እንደሚቆምም አውቋል። ስለዚህ "ከቀረጻው በኋላ እጠይቃታለሁ" አልኩ ለራሴ። ከቀረጻው በኋላ ግን አንቺ እየሳቅሽ ነበር፣ ኦዲልም ሁላችንንም ይዛ ወደ ባሕሩ ወረደች፣ በልብሳችን ገባን፣ እኔም ረሳሁት። ስለ ሴቶች ነጻነት ፊልም እየሠራሁ ጓደኛዬን እንደ ዕቃ ቦታዋ መለስኳት።

በመስከረም ተጋባችሁ። ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ምስክርሽ እኔ ነበርኩ፤ ከስምሽ ሥር ፈርሜአለሁ። ከመፈረምሽ በፊት ዞር ብለሽ አየሽኝ። እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ጉንጭሽ ላይ የወደቀች ፀጉር አየሁና በጣቴ መለስ አደረግሁልሽ። ፈገግ አልሽና ፈረምሽ።

አሁን እዚህ ላይ ስትደርሺ የምትይው ይሰማኛል። "አንቺ ደግሞ ራስሽን ማካበድ ትወጃለሽ! በአንቺ አንድ ቃል ነው እንዴ ያገባሁት?" ትይኛለሽ። እውነትሽን ነው። ሃያ አራት ዓመት የሞላሽ ሴት ነበርሽ፣ ደብዳቤው ቦርሳሽ ውስጥ ነበር፣ ፖስታ ቤቱም ከቤታችን ማዶ ነበር። ኦዲልም "አልተቀየመችሽም፣ እየሳቀች ነው የነገረችኝ" ብላኛለች። ቲቦም ቢሆን ክፉ ሰው አይደለም። እናትሽ ሲታመሙ በየሳምንቱ መኪና እየነዳ ያመላለሳቸው እሱ ነው፤ ይህንን አልረሳም። "ትወና ለወጣትነት ጊዜ ጥሩ ነው" ብሎሽ ሲያበቃ ግን ሌላ ፊልም አልሠራሽም። እሱም እኔም አንቺን ማረም ነው የምናውቀው።

ብቻ አንድ ነገር አትከልክይኝ፤ ይቅርታ ልበልሽ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ በይኝ፣ ግድ የለም። ያን ዕለት ጠዋት ካለነው ሰዎች ሁሉ እኔን መርጠሽ ነበር። ኦዲል ትጮኻለች፣ እናትሽ ያለቅሳሉ፣ ሴቭ ግን ታያለች ብለሽ። በሕይወቴ ማንም እንደዚያ አምኖኝ አያውቅም፣ እኔም የማውቀው ዓርብ ዕለት ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ናዴዥ።

ስለ እኔ ደህና ነኝ። አላገባሁም፤ ሁለት ጊዜ ሊሆን ብሎ ቀረ፣ ሁለቱም ጊዜ ሰውየው ካልሲውን የት እንዳወለቀ ስለምነግረው ነው ይላሉ። በሥራዬ አንቱ ተብያለሁ፤ ወጣት ልጆች ደብተር ይዘው ከጎኔ እየተቀመጡ ይማራሉ። ባለፈው ዓመት አንዷን ልጅ "ተዋናይዋ ዓይኗ ቀልቷል፣ ልጻፍ?" ስትለኝ "ጻፊ" አልኳት። ከዛሬ ወዲያ እንዲህ አልመልስም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ኦዲል እንዳትነግሪያት ብላኝ ነበር፤ ይኸው ነገርኩሽ፣ ከእሷ ጋር በኋላ እንጣላለን። በዚህ ዓመት ሻንጣሽን ሁለት ጊዜ አዘጋጅተሽ ሁለት ጊዜ መልሰሽ እንደፈታሽው ሰምቻለሁ።

ምክር አልሰጥሽም። ውጪ አልልሽም፣ ተቀመጪም አልልሽም። አርባ ዘጠኝ ዓመትሽ ነው፣ ዕድሜሽን ሁሉ ሰው "እንደዚህ አድርጊ" ሲልሽ ኖረሻል፤ እኔም ከነሱ አንዷ ነበርኩ፣ በቃኝ። እቤቴ ባሕሩን የሚያይ ትርፍ ክፍል አለ። ይህን የምጽፈው እንድታውቂው ብቻ ነው፤ የዲየፕ ሰው ሁሉ ትርፍ ክፍል አለው።

ቅዳሜ ጠዋት በባቡር ወደ ከተማሽ ወደ ዲዦን እመጣለሁ። ከጣቢያው ወጥተሽ መንገዱን ስትሻገሪ ካለው ካፌ፣ መስኮቱ ጋ፣ ከቀትር ጀምሮ የመመለሻዬ ባቡር እስኪደርስ ድረስ እቀመጣለሁ። ደብተር አልይዝም። ከመጣሽ፣ "ምን ሆነሻል?" ብዬ እጠይቅሻለሁ፣ ከዚያ አፌን ዘግቼ እሰማሻለሁ። "እወጣለሁ" ካልሽ ሻንጣሽን ከወዲያኛው ጫፍ እይዛለሁ። "እቆያለሁ" ካልሽም ጥሩ ምሳ በልተን እስከ በርሽ እሸኝሻለሁ። "ምንም አልሆንኩም፣ አንቺ ጉጉት" ብለሽ ከሳቅሽብኝም አብሬሽ እስቃለሁ።

ካልመጣሽ አልቀየምሽም። ላይመችሽ ይችላል። ላታምኚኝም ትችያለሽ፣ ምክንያት አለሽ። ወይም ገና የመናገሪያሽ ቀን አልደረሰ ይሆናል። ስለዚህ ቲኬት የቆረጥኩት ለዚህ ቅዳሜ ብቻ አይደለም። እስከ ገና ድረስ ያሉትን ቅዳሜዎች በሙሉ ቆርጫለሁ።

ዘግይታም ቢሆን ልታይሽ የምትመጣው፣
ሴቨሪን